ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

ድንኳን መግዛታችሁን ሰማሁ። ቤዛ ናት የነገረችኝ። «አያ አዱኛ፣ ከአዲ አርቃይ በታች፣ ከተራራው ሥር ያለው በረሃ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ክፍያ የለውም አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው። ትኬት የሚቆርጥ የለም፣ አጥር የለም፣ «ከዚህ እስከዚያ የእኔ ነው» የሚል ሰው የለም። የመንግሥት መሬት ነው፣ ድንጋይና እሾህ። ለቀበሌው ሰዎች አስታውቃችሁ ደስ ባላችሁ ቦታ መተኛት ትችላላችሁ። እኔም ተኝቼበታለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ከዚህ ግቢ አትወጡም። ቦርሳችሁን አስቀምጡና ተቀመጡ፤ ይርጋም ከቅዳሴ እስኪመጣ ጊዜ አለን።

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ሠርቼ ለተማሪ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ ሰው የሚያውቀኝ «በሩን ዘግታችሁ ግቡ!» እያልኩ በመጮህ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ግን ስሜ ሌላ ነበር። አውሬ ያስቸገረው ገበሬ «አዱኛን ጥሩልኝ» ነበር የሚል። ጠመንጃዬ ምንሽሯ ፈቃድ ያላት፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ ከልጅነት እስከ ሽበት ከትከሻዬ አልወረደችም። ኩሩ ሰው ነኝ፣ አልደብቃችሁም። ኩራቴ ግን አንድ ቀን የእህቴን ቤት ሊያፈርስ ምንም አልቀረው።

ኅዳር ነበር፣ የገና ጾም ከገባ ሳምንት ያለፈው። ደጋው ላይ ገብስ የሚታጨድበት፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ይዞ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ቆላው ግን ሌላ አገር ነው፤ ማሽላው በስሎ ራሱን ደፍቷል፣ ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል። ከወደዚያ መልእክት መጣ። የላኩት አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የእህቴ ባል የይርጋ አጎት። ከአዲ አርቃይ በታች ማሽላ ያርሳሉ። አንድ ከርከሮ ማሽላቸውን ጨርሶ ሊበላው ነው። ሲያባርሩት አይሸሽም፤ ውሻቸውን ሆዱን ቀዶ ገድሎታል፣ አንዱን ጎረቤታቸውን ዛፍ ላይ አሳድሮታል። ቀበሌውም ይገደል ብሎ ፈቅዷል። «አዱኛ ካልመጣ ዘንድሮ የምንበላው የለም» ብለው ነበር የላኩብኝ።

«አዱኛ ካልመጣ» የምትለዋን ነገር እንዴት እንደወደድኳት አትጠይቁኝ።

ይርጋ «አብሬህ ካልሄድኩ» አለ። ይርጋን ታውቁታላችሁ፤ እሁድ እሁድ ከእኔ ጋር ምሳ የሚበላው መሪጌታ ነው። ድምፁ ሸጋ ነው፤ ማኅሌት ሲቆም የሰማው ሁሉ ይመሰክርለታል። ከአደን ጋር ግን አይተዋወቁም። ጦር ይዞ ሳየው መቋሚያ የያዘ ነው የመሰለኝ። ለአጎቱ ብሎ ነው የመጣ። እህቴ ስትሸኘን ባሏን ትታ የእኔን እጅ ይዛ «አዱኛ፣ እንደወሰድከው መልስልኝ» አለችኝ። ሦስት ልጆች አሏት። እኔ ሳቅሁ። «ምነው? ከርከሮ እኮ ነው፤ አንበሳ አይደለም!» አልኳት።

የከርከሮ ነገር እንዲህ ነው። አንበሳ የገደለ ይፎክራል፣ ነብር የገደለ ይፎክራል። ከርከሮ የገደለ ግን ምን ይበል? ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይነጠፍ፣ ደሙ የነካው ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባ። «ዘራፍ! ከርከሮ ገዳይ!» ያለ ጎበዝ በአገራችን አልተሰማም፤ ቢሰማም ይሳቅበታል። ክብር የሌለው አደን ነው። አደጋው ግን ከነብር አያንስም። ክራንቻው ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀድ፣ ቁመቱ ደግሞ በትክክል ከሰው ጭን ላይ ያደርሰዋል።

ከጎንደር በሚኒባስ ተነሥተን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ወረድን። ደባርቅ ላይ ጋቢ ተከናንቤ አዲ አርቃይ ስደርስ በሸሚዝ ቀረሁ። ከዚያ በእግር ነው። አያ ሞላ ከመንገዱ ጠብቀውን ወደ ማሽላቸው ወሰዱን። መሬቱ በሬ የገባበት ይመስላል፤ ያላኘከው አገዳ እንኳ ተረጋግጦ ተኝቷል። ተንበርክኬ ዱካውን ለካሁት። አራት ጣቴን ባስገባበት ይተርፋል። ከሰኮናው ኋላ የትንንሾቹ ጥፍሮች ምልክት ሳይቀር ደረቁ አፈር ላይ ጠልቆ ይታያል፤ ከባድ ነው ማለት ነው። ዱካው ከማሽላው ወጥቶ በአንድ ፈፋ አድርጎ ወደ ተራራው ሥር ይሄዳል፣ ባለቤት ወደሌለው ደረቅ መሬት። እዚያ አንድ ግራር ላይ ጭቃውን አሽቶበት አገኘን። ጭቃው ከጉልበቴ በላይ ነበር። አያ ሞላም አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው።

«ሌሊቱን ማሽላ ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ በዚህ ፈፋ ወደ ጥሻው ይመለሳል» አሉ። ስለዚህ እዚያው መንገዱ ላይ ማደር ነበረብን። እናንተ በነጻ ማደር ያላችሁት ይኸው ነው።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ማደሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የማስበው ነፋስን ነው። ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ለስልሶ፣ ግራና ቀኙ ተከልሎ ሳየው ጋቢዬን አነጠፍኩ። አያ ሞላ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«የወንዝ አልጋ ነው እሱ» አሉኝ፤ «ደጋው ላይ የዘነበ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሲመጣ ውረድልኝ አይልህም።»

በኅዳር ምን ዝናብ አለ ብዬ ልከራከር ነበር፤ ተውኩት። የቆላውን ነገር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከፍ ወዳለች ድንጋያማ ጉብታ ወጥተን ሰፈርን። ጊንጥ እንዳይኖር ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሣን ጠረግን፣ እሾህ ቆርጠን ዙሪያውን አጠርን፣ እሳቱን ትንሽ አደረግናት። ጫማችንን ከራስጌያችን አድርገን ጠዋት ሳናራግፍ እንዳናጠልቅ አስጠነቀቁን። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነበር፤ ይርጋ ጾመኛ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ፊት ለፊታችን የስሜን ገደል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከላይ ሆነው ሲያዩት ያዞራል፤ ከሥር ሆነው ቀና ሲሉ ደግሞ ቆብ ያስጥላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ይርጋ ጸሎቱን በዜማ አደረሰ። አንዷን ቃል በጨረሰ ቁጥር የገደል ማሚቶው ከማዶ ተቀብሎ ይደግምለታል፣ ሌላ መሪጌታ እዚያ የቆመ ይመስል። ይርጋ ደስ አለው። «አዱኛ፣ ከደብሬ ይልቅ እዚህ ጥሩ ተቀባይ አግኝቻለሁ!» አለ። ይህችን ልብ በሏት። እኔ ያኔ ልብ አላልኳትም።

ከመተኛታችን በፊት ሕጌን ነገርኳቸው። የአባቴ ሕግ ነው፣ የአባቱም። በረሃ ላይ ስምህ ሲጠራ እስከ ሦስት ሳይደርስ «ወይ» አትበል። አንዴና ሁለቴ የሚጠራህ ሰው ላይሆን ይችላል። ሦስቴ የሚጠራህ ግን ሰው ነው፤ ሰይጣን ሦስትን አይደፍርም፣ የሥላሴ ነውና። ቤዛ፣ አትሳቂ። አያትሽን ብትጠይቂ ይህንኑ ነው የምትነግርሽ።

ይርጋም እንዳንቺው ሳቀ። «እኔ ይህን ከአንድም ሊቅ አልሰማሁ። ደግሞስ ሰይጣን ስምህን ከየት ያውቀዋል?»

«ምነው አያውቀው!» አሉ አያ ሞላ። «ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ሲፎክርበት ሰምቶ ነዋ!»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ሳቁ። አደኑን የምመራው ግን እኔ ነኝ» አልኩ። ይርጋ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይሁን፣ ሦስቴ» አለ።

ጎህ ሲቀድ ከፈፋው አፍ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ተቀምጫለሁ። ይርጋና አያ ሞላ ከኋላዬ ናቸው። ነፋሱ ከጎን ነው፤ ጠረናችንን ወደ ደረቁ ወንዝ ይወስደዋል። መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ሲንከባለል ነው። ከዚያ መጣ። ጅራቱን ቀጥ አድርጎ አቁሟል፣ የጀርባው ጋማ አፈር ለብሷል፣ ክራንቻዎቹ እንደ ማጭድ ወደ ላይ ተቆልምመዋል። እስከዚያች ቀን ድረስ እንደዚያ ያለ ከርከሮ አላየሁም፤ ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

አሥር እርምጃ ብታገሠው ጎኑን ይሰጠኝ ነበር። አሥር እርምጃ ብቻ! ግን ሰው ከኋላዬ እያየኝ ነው፣ እኔም «ካልመጣ» የተባልኩት አዱኛ ነኝ። ተኮስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጥይቱ ታፋው ላይ አገኘው። ወደቀ፣ ተሽከረከረ፣ ተነሣና ጥሻው ውስጥ ገባ።

«አሁን ነው ከርከሮ የሆነው» አሉ አያ ሞላ።

ያቆሰልከውን አውሬ ሰው በሚያልፍበት መሬት ጥለህ አትሄድም፤ ይህ ደግሞ የማንም አዳኝ ሕግ ነው። ደሙ እንዲያደክመው እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ጠበቅን። ከዚያ አያ ሞላን ከጥሻው በላይ፣ በቀኝ በኩል ካለው ቋጥኝ ላይ አቆምኳቸው፣ በዚያ ከወጣ ድንጋይ ወርውረው እንዲመልሱት። ይርጋን ከጥሻው አፍ፣ ከፍ ካለች ቦታ፣ ከአንዲት ግራር ሥር አቆምኩት። «ከዚህ እንዳትነቃነቅ። ከላይ ሆነህ ጥሻው ይታይሃል» አልኩት። እኔ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ቁርቁራው ከራሴ በላይ ነው፤ እሾሁ ሸሚዜን ይይዛል፣ ጆሮዬን ይቧጭራል። ከርከሮው የሚሄድበት መንገድ ከወገቤ አይበልጥም። የደሙን ጠብታ ቅጠል ለቅጠል እየተከተልኩ ሄድኩ፣ ዝንብ ቀድሞኝ እየተነሣ። ሙቀቱ እዚያ ውስጥ እንደ ምድጃ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ደሙ ወደ ግራ ታጠፈ። አንዷን ጠብታ በጣቴ ነካኋት፤ ገና አልደረቀችም። ወደ ግራ መታጠፉን ልብ ብለው ኖሮ፣ እየዞረ ወደ ኋላዬ እንደሚመጣ ይገባኝ ነበር።

ይህን ጊዜ ስሜ ተጠራ።

«አዱኛ!»

ከየት እንደመጣ አላወቅሁም፤ ጥሻው ውጦታል። ወዲያው ሁለተኛው መጣ፤ ይኸኛው ጥርት ብሎ ከፊት ለፊቴ፣ ከገደሉ በኩል።

«…ዱኛ!»

ፀጉሬ ቆመ። ይርጋ ከኋላዬ ነው። አያ ሞላ ከላይ በቀኝ ናቸው። ገደሉ በኩል ሰው የሚባል የለም። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ድምፁ የይርጋ ድምፅ ነው፣ ስንት ዓመት በማኅሌት የሰማሁት፤ ጆሮዬ ያውቀዋል። አባቴ ግን «ሦስት ሳይሞላ!» ይለኛል። አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ሦስተኛው አልመጣም።

አሁን የይርጋን ወገን ልንገራችሁ፤ በኋላ እሱ እንደነገረኝ ነው። ከግራሯ ሥር ሆኖ ሲያይ ከርከሮው ዞሮ ከኋላዬ ገብቷል፣ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቀኛል። ይርጋ አንድ ጊዜ ጠራኝ። ገደሉ ደገመው፣ እንደማታው። «ወይ» ብለው ኖሮ «ከኋላህ!» ይለኝ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም አልኩት። የወደቅሁ መሰለው። ሁለተኛ ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት ከርከሮው ተነሣ። መሪጌታ ይርጋ፣ በዕድሜው ዶሮ እንኳ አሳዶ የማያውቀው፣ ጦሩን ይዞ ከጉብታው ቁልቁል ሮጠ።

የሰማሁት ቅርንጫፍ ሲሰበር ነው። ዞር ስል ነጭ ነጠላ አየሁ። በእኔና በአውሬው መካከል ነው የገባ። ጦሩ የከርከሮውን ትከሻ ነክቶ ተሰበረ። ከርከሮው በክራንቻው ጭኑን ይዞ ወደ ላይ አነሣው፤ ይርጋን ሲያነሣው አየሁ፣ አንድ እግሩ ከመሬት ተለይቶ። ከዚያ ጣለውና ላዩ ላይ ሆነ።

ከቆምኩበት መተኮስ አልችልም፤ ጥይቱ ይርጋን ያገኘዋል። ጥይት ካጎረስኩ ቆይቻለሁ። ወደፊት ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ሄድኩ። እጄን ብዘረጋ ጋማውን እነካዋለሁ። ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ራሱን ቀና አድርጎ በትንንሽ ዓይኖቹ አየኝ። አፈሙዙን ከጆሮው ሥር አስጠግቼ ቃታውን ሳብኩ።

በዚያች ጥይት እስከ ዛሬ እኮራለሁ። የመጀመሪያዋ የችኮላ ነበረች፤ ሁለተኛዋን ግን ረግቼ ነው የተኮስኳት። ከርከሮው ይርጋ እግር ላይ ወደቀ። በባዶ እጄ ገፍቼ አነሣሁት። እርኩስ ነው የሚለው ነገር ትዝም አላለኝ።

የይርጋ ጭን ከጉልበቱ በላይ ስንዝር የሚሆን ተቀዷል። ደሙ ይወርዳል። ነጠላውን ቀድጄ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ በላዩ በዝናሬ ማንገቻ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ጠርቼህ ነበር እኮ» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። አልሰማሁህም ብለው ማን ያውቃል? ግን እንኳን እሱን፣ ከርከሮውንም በዚያች ሰዓት የምዋሸው አልመሰለኝም።

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

«ምነው ታዲያ?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።»

«ለሦስተኛው ጥሪ ጊዜ አልነበረኝም፣ አዱኛ» አለ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

አያ ሞላ እየሮጡ ደረሱ። ቀድመው ወደ ማሳው እንዲሄዱ፣ ሰውና ቃሬዛ እንዲያመጡ ላክኋቸው። እኔ ግን ተቀምጬ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ማሰሪያው በደም እየራሰ ነው። ይርጋን ከጥሻው ጎትቼ አወጣሁትና ምንሽሬን ከግራሯ ሥር ጣልኩ። አዎ፣ ጣልኳት፤ የአባቴን ምንሽር። ይርጋን በጋቢዬ አዝዬ ተነሣሁ፣ እናት ልጇን እንደምታዝል፣ ጫፉን ደረቴ ላይ ቋጥሬ።

ያን ድንጋይ በጫማ እንኳ መራመድ ከባድ ነው። ፀሐዩ አናቴን ይመታል፣ ጥላ የሚባል የለም፣ ይርጋም እንደምታዩት ቀላል ሰው አይደለም። ሲደክመኝ አንድ ቋጥኝ አስደግፌው ኮዳዬን አፉ ላይ አደረግሁ። ከንፈሩን ገጠመ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አለ።

«ኃጢአቱ በእኔ! ጠጣ!» ብዬ ጮህኩበት። ጠጣ።

እንቅልፍ እየወሰደው መጣ። እንዳይተኛ ስሙን መጥራት ጀመርኩ። «ይርጋ!» ስለው «ወይ» ይለኛል፣ ከጀርባዬ፣ በቀጭን ድምፅ። አሥር እርምጃ እሄዳለሁ። «ይርጋ!» «ወይ።» ደግሞ አሥር እርምጃ። እንዲህ እንዲህ እያልን ደረቁን ወንዝ ተሻገርን፣ ያደርንባትን ጉብታ አለፍን። ማሽላው ከሩቅ ሲታየኝ ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

«ይርጋ!»

ዝም።

ቆምኩ። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ከብዷል። «ይርጋ!» አልኩ፣ ድምፄ ተሰብሮ። ዝም። የእህቴ እጅ እጄን የያዘ መሰለኝ። እንደወሰድከው መልስልኝ ያለችኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከዚያ ባለኝ ጉልበት ሁሉ፣ ገደሉ እስኪደግመው ድረስ፣ «ይርጋ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወይ» አለ ከጀርባዬ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሦስተኛው ነው፣ አይደል?» አለኝ።

በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ቀለደብኝ! ልስቅ ነው ልቆጣ ሳላውቅ እንባዬ ወረደ። እያለቀስኩ ሄድኩ። ማሽላው ዳር ስደርስ የአያ ሞላ ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ መጡ። ከጀርባዬ ሊያወርዱት ሲሞክሩ ጣቶቼ የጋቢውን ቋጠሮ አልለቅ ብለው አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው። ከመንገዱ አንድ የጭነት ማኪና አንሥቶን አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ አደረሰን፤ እዚያ ቁስሉን አጥብቀው ጠቀለሉለትና ወደ ጎንደር ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፍም ነበር» አለ።

እህቴ መጣች። ቁስሉን አየች፣ እኔን አየች። «እንደወሰድከው አልመለስክልኝም» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝና «ግን መለስክልኝ» አለች። ይርጋ ከአልጋው ላይ ሆኖ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ብሎ ተረተብኝ። ያችን ተረት እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ይተርታታል፤ መብቱ ነው።

ለገና አያ ሞላ አንድ ጆንያ ማሽላ አስጭነው፣ ምንሽሬንም ይዘውልኝ መጡ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ጠላው ሲደርስ «አዱኛ፣ እስቲ ፎክር!» አሉኝ። ሊስቁብኝ ነው የፈለጉ፤ ከርከሮ ገዳይ እንድል። ተነሣሁ። ምንሽሬን አልያዝኩም፣ ጋቢዬን ያዝኩ። ያንኑ ጋቢ፤ ደሙ ታጥቦ ታጥቦ ጥላው አሁንም አለበት። ጣሪያው እስኪናጋ «ዘራፍ! የይርጋ አዛይ!» አልኩ።

ሳቁ መጀመሪያ፤ ከዚያ እህቴ እልል አለች። ገዳይ ብሎ የፎከረ ሞልቷል። አዛይ ብሎ የፎከረ እስከማውቀው ድረስ እኔ ብቻ ነኝ፣ ማንም እንዲቀድመኝ አልፈልግም።

ምንሽሯ አሁን ሣጥን ውስጥ ናት። የሦስቴዋን ሕግ ግን ለውጫታለሁ። አባቴ ሸጋ አዳኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ በዚህች በአንዷ ነገር ተሳስቷል። ልበ ሙሉ ሆኜ የምለው በይርጋ ደም የተማርኩት ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ሂዱ። ድንኳናችሁን ጉብታ ላይ ትከሉ፣ አሸዋው እንዳያታልላችሁ። ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ። ከርከሮ ብታዩ መንገዱን ልቀቁለት። ከተለያያችሁና ስማችሁ ከተጠራ ደግሞ፣ ከየትም ይምጣ፣ ከገደልም ይሁን፣ በመጀመሪያው «ወይ» በሉ። ሰይጣን ቢሆንስ ትይኛለሽ ቤዛ። ይሁና! ለሰይጣን አንድ «ወይ» ብትሰጪው ምን ይጎድልብሻል? የጠራሽ ሰው ከሆነ ግን ሦስተኛውን የሚጠራበት ጊዜ ላይኖረው ይችላል።

ቆይ፣ ዝም በሉ። ያ መቋሚያ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማችኋል? እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ መቋሚያ አይራመድም፣ ማኅሌትም ይሁን ገበያ። አሁን በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ይጠራኛል። ሁለተኛ ጠርቶኝ አያውቅም።

«አዱኛ!»

ወይ! ወይ፣ ይርጋ! መጣሁ!